የአላስካ ጥብቅ ምድርና አንቀጽ 1002

የብሩክስ ተራሮች ወደ አርክቲክ ውቅያኖስ በሚያዘነብሉበት፣ በአላስካ ሰሜናዊ ምሥራቅ ጠረፍ፣ አንድ ረግረጋማ ሜዳ አለ፤ በየዓመቱ በግንቦትና በሰኔ በፖርኩፓይን ወንዝ ስም የሚጠራው የካሪቡ መንጋ፣ ይኸውም የበረዶ አገር አጋዘን፣ ተራራውንና ወንዙን እያቋረጠ ግልገሎቹን ለመውለድ ወደዚሁ ይወርዳል። ከጥንት ጀምሮ ሲሳዩንም ልብሱንም ከዚህ መንጋ ሲያገኝ የኖረው የጉዊቺን ሕዝብ ሜዳውን ሕይወት የሚጀመርበት ቅዱስ ስፍራ ይለዋል።

ይህ ምድር በሕግ የተከበረበትን ታሪክ ስንመረምር ጥበቃውና የነዳጅ ምኞቱ አብረው ያደጉ ሆነው እናገኛቸዋለን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1923 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ከሜዳው በስተ ምዕራብ ያለውን ሰፊ አገር ለባሕር ኃይል የነዳጅ መጠባበቂያ ይሆን ዘንድ ለይተውት ነበር፤ በ1956 ኦላውስና ማርጋሬት ሙሪ የተባሉ ባልና ሚስት በሺንጄክ ወንዝ ሸለቆ ሰንብተው የአራዊቱንና የአእዋፉን ነገር አጥንተው ለአገራቸው ሰው ስለ መሰከሩ፣ በ1960 የአይዘንሃወር መንግሥት 8.9 ሚሊዮን ኤከር የሚሆነውን ምድር የዱር አራዊት ክልል ብሎ ዐወጀ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ ግን በፕሩዶ ቤይ ታላቅ የነዳጅ ሀብት ተገኘ፤ በ1977ም 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ቧንቧ ዘይቱን ወደ ደቡብ ያፈስስ ጀመር።

ፕሬዚዳንት ካርተር ሥልጣናቸውን ሊለቁ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው በ1980 የፈረሙት ሕግ ክልሉን ወደ 19 ሚሊዮን ኤከር አሰፋው። ሆኖም መንጋው የሚወልድበትን 1.5 ሚሊዮን ኤከር ጠረፍ በአንቀጽ 1002 ለይቶ፣ አራዊቱም ነዳጁም አንድ ላይ ይጠኑ፣ የአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እስኪፈቅድ ድረስ ግን አይቆፈር ሲል ደነገገ። ይህ በእኔ አስተያየት አጥሩን በብርቱ ድንጋይ ክቦ በሩን ሳንቃ ሳያለብሱ እንደ መሄድ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተነሣው ክርክር ሁሉ የገባው በዚያው በር ነውና።

በ1984ና በ1985 የብርድ ወራት አጥኚዎች ከባድ ተሽከርካሪዎችን በበረዶው ላይ እየነዱ፣ ምድሩን እያንቀጠቀጡ፣ ከተመላሹ ድምፅ የድንጋዩን አደራረብ መረመሩ። ከተሽከርካሪዎቹ ሰንሰለት በታች የተደፈጠጠው ሣርና ቍጥቋጦ በየቦታው ሳያገግም ቀርቶ፣ ከሥሩ ያለው ዘወትር የረጋ በረዶ ቀልጦ ስለ ሰመጠ፣ ዱካው ውሃ ያቆረ ቦይ ሆኖ ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ ከአየር ላይ ይታይ ነበር። በማከታተልም ሼቭሮንና ቢፒ በጠረፉ ባለችው በካክቶቪክ መንደር አጠገብ የኢኑፒያት ሕዝብ በያዘው መሬት አንድ ጕድጓድ ቆፈሩ፤ ውጤቱም ለብዙ ዓመታት ኅቡእ ሆኖ ኖሯል።

ጉዊቺኖች በ1988 በአርክቲክ ቪሌጅ ተሰብስበው ቍፋሮውን በአንድ ቃል ሲቃወሙ፣ ከካክቶቪክ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ ትምህርት ቤታቸውና ሐኪም ቤታቸው በነዳጅ ግብር የቆመ ስለ ሆነ ደግፈውታል፤ የአገሬው ተወላጅ ሁሉ አንድ ልብ እንደ ነበረ አድርጎ መጻፍ፣ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ ቢዘወተርም፣ የሁለቱንም እውነት መሸፈን ነው።

በ1995 ምክር ቤቱ ቍፋሮውን ቢፈቅድም ፕሬዚዳንት ክሊንተን አልፈርምም አሉ፤ በ2017 ግን ፈቃዱ በግብር ሕግ ውስጥ ተሸጕጦ አለፈ። በ2021 መጀመሪያ በተደረገው ጨረታ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ሳይቀርቡ ቀርተው፣ በኪራይ ከተሰጠው መሬት አብዛኛውን የያዘው የአላስካ መንግሥት የራሱ ድርጅት ነበር፤ የተገኘውም ገንዘብ 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በ2025 መጀመሪያ በተጠራው ሁለተኛ ጨረታ አንድ ስንኳ ተጫራች አልቀረበም፤ በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ ግን ተጨማሪ አራት ጨረታዎች እንዲካሄዱ አዘዘ።