የፖስታ ሣጥኑ ግድግዳ

ነቀምቴን የሚጎበኝ እንግዳ በቅድሚያ የሚመራው ወደ ኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ነው፤ ተገቢም ነው። ፖስታ ቤቱን አሳዩኝ የሚል ግን አይገኝም።

ዘመናዊ ፖስታ በአገራችን የተቋቋመው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ አዋጅ፣ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው። የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስከሆንበት እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስ ቴምብራችን ከድንበር ወዲያ አይሠራም ነበር፤ በጅቡቲ በኩል የሚወጣ ደብዳቤ የፈረንሳይ ቴምብር ይጨመርበት ነበር።

ወለጋ ደግሞ ሌላ በር ነበራት። ቡናችን በበቅሎ ጋምቤላ ይወርድና ክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዛል። በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ የሱዳን መንግሥት ያስተዳድረው በነበረው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ፖስታ ቤት ነበር፤ ደብዳቤው የሚላከው በሱዳን ቴምብር ነው። በገዛ ምድራችን መሆኑ ነው እንግዲህ!

ወደ ሕንፃው እንመለስ። የአነስተኛ ከተማ ፖስታ ቤት ጌጥ የለውም፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ የአገልግሎት መስኮት፣ ባንኮኒ። ልዩ የሚያደርገው በቁጥር የተደረደሩት ሣጥኖች ያሉበት ግድግዳ ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ባልተለመደበት አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይሄድም፤ ባለጉዳዩ ነው ቁልፉን ይዞ የሚመጣው። ስለዚህ አድራሻው ራሱ ግድግዳው ነው። በመሠረታዊ ማኅበራትና በዩኒየኖች ደብዳቤ ራስጌ ላይ «ፖ.ሣ.ቁ.» ተብሎ የሚታተመው ቁጥር ከዚያ የመጣ ነው።

የከተማ አስተዳደሮች ነባር ፖስታ ቤቶችን ሲያድሱ ሣጥኖቹን ከነቁጥራቸው ቢያቆዩ፣ የተሠሩበትንም ዓመት በበሩ ላይ ቢጽፉ ወጪው ከአንድ ባልዲ ቀለም ብዙም አይበልጥም።