አጭር የጥርስ ኢምፕላንት፦ የርዝመት እምነት እንዴት ተለወጠ?

በሐዋሳም ሆነ በሌሎች የአገራችን ከተሞች የታመመ ጥርስ ብዙ ጊዜ ከመታከም ይልቅ ይነቀላል። ከተነቀለ በኋላም ቦታው ለዓመታት ባዶ ሆኖ ይቆያል። በእነዚህ ዓመታት ጥርሱን ተሸክሞ የነበረው አጥንት ሥራ በማጣቱ በቁመትም በውፍረትም እየመነመነ ይሄዳል። ታልግሬን የተባሉት ተመራማሪ በ1972 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጡት ጥናት፣ ሙሉ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ተከታትለው፣ የታችኛው መንጋጋ አጥንት ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሕመምተኛው ዘግይቶ ቋሚ ጥርስ ሲፈልግ ሐኪሙ የሚያገኘው ይህን የመነመነ አጥንት ነው።

የኢምፕላንት ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ጉድለት ካለበት መንጋጋ ነው። ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1952 በሉንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የደም ዝውውርን ለመመልከት በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገቡትን የቲታኒየም መሣሪያ መልሰው ማውጣት አቃታቸው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ነበር። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ የመጀመሪያው ታካሚ የሆነው ዮስታ ላርሰን ከልደቱ ጀምሮ የመንጋጋ ጉድለት የነበረበት ሰው ነበር። ላርሰን በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ በተተከሉለት ኢምፕላንቶች ተጠቅሟል። ሆኖም ዘዴው ከስዊድን ውጭ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው በ1982 ቶሮንቶ ላይ ከተደረገው ጉባኤ ወዲህ ነው።

በዚያ ዘመን ኢምፕላንት በረዘመ ቁጥር ይጸናል የሚለው እምነት የጸና ነበር። አጥር የሚያጥር ሰው ምሰሶውን በጥልቅ እንደሚቀብር ሁሉ፣ ሐኪሙም አጥንቱ የፈቀደውን ያህል ረጅም ኢምፕላንት ይመርጥ ነበር። የተገኘው ውጤትም እምነቱን የሚደግፍ መሰለ፤ ገጻቸው ለስላሳ የነበረው የ7 ሚሊ ሜትር ኢምፕላንቶች ከረጃጅሞቹ ይልቅ በብዛት ይወድቁ ነበር። ይሁንና ንጽጽሩ ሚዛናዊ አልነበረም። አጫጭሮቹ የሚተከሉት ረጃጅሞቹ ሊገቡ በማይችሉበት፣ ማለትም እጅግ በሳሳ አጥንት ላይ ነበርና የአጥንቱ ድክመት በርዝመቱ ላይ ተላከከ።

ስለዚህ መፍትሔው አጥንቱን ማሳደግ ሆነ። ቦይንና ጄምስ በ1980፣ ከታካሚው ዳሌ በተወሰደ አጥንት የላይኛውን መንጋጋ ሳይነስ ወለል ከፍ የማድረግን ዘዴ አሳተሙ። ዘዴው ዛሬም ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና፣ ወራት የሚፈጅ መጠበቅና ተጨማሪ ወጪ ይጠይቃል። በታችኛው መንጋጋ ደግሞ ነርቩ ከተጎዳ ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዙ ይችላሉ።

እምነቱን የለወጡት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የብረቱ ገጽ ነው። ቡዘርና ባልደረቦቻቸው በ1991 በአሳማዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በአሸዋ ተነፍቶ በአሲድ የሻከረ ገጽ ከለስላሳው ይልቅ ብዙ አጥንት እንደሚይዝ አሳዩ። ሁለተኛው የጫና ስሌት ነው። በማኘክ ጊዜ የሚፈጠረው ጫና በአብዛኛው የሚያርፈው በኢምፕላንቱ አንገት ዙሪያ ባለው አጥንት ላይ በመሆኑ፣ ጫናውን ለመቀነስ ከርዝመት ይልቅ ውፍረት ይበልጥ እንደሚረዳ ታወቀ። የአጥሩ ምሰሶ ምሳሌ እዚህ ላይ አይሠራም።

ከዚህ የተነሣ ቀድሞ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሁሉ «አጭር» ይባል የነበረው ቀርቶ፣ ዛሬ ቃሉ በአብዛኛው 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነው ይውላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከነርቩ በላይ 8 ሚሊ ሜትር አጥንት ብቻ የቀረው ሰው፣ ለጥንቃቄ የሚተወው 2 ሚሊ ሜትር ሲቀነስ፣ የ10 ሚሊ ሜትሩን ሊሸከም አይችልም፤ የ6ቱን ግን ያለ አጥንት ንቅለ ተከላ ሊቀበል ይችላል። በኢጣሊያ የተደረጉ ንጽጽራዊ ጥናቶችም በጥቂት ዓመታት ክትትል የሁለቱ ዘዴዎች ውጤት ተቀራራቢ መሆኑን፣ በታችኛው መንጋጋ ግን ንቅለ ተከላው የበለጠ ችግር እንደሚያስከትል አመልክተዋል። ቢሆንም ማጋነን አይገባም። በ2018 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት በተደረገ ክትትል የአጫጭሮቹ ጽናት ከ86.7 እስከ 100 በመቶ፣ የረጃጅሞቹ ደግሞ ከ95 እስከ 100 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። አጭሩ ሲሳካ እኩል ነው፤ ሲሳሳት ግን ይበልጥ ይሳሳታል።

ለሐዋሳ ባለሙያ ሌላም ጥያቄ አለ። ከተማዋ የምትገኘው የእሳተ ገሞራ ዐለት የከርሰ ምድር ውኃን በፍሎራይድ በሚያበዛበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 በትሮፒካል ኤንድ ጂኦግራፊካል ሜዲሲን ጆርናል ያሳተሙት ጥናት የሸለቆውን የፍሎራይድ መጠንና በጥርስና በአጥንት ላይ ያደረሰውን ጉዳት የመዘገበ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ከ10 የሚበልጡ ጉድጓዶችም አሉ። አስገራሚው ነገር፣ በጥቂቱ በፍሎራይድ የታከመ የቲታኒየም ገጽ የአጥንትን መያያዝ ያፋጥናል ተብሎ ከ2004 ጀምሮ ለገበያ መቅረቡ ነው። ለረጅም ዘመን በመጠጥ ውኃ የገባው ፍሎራይድ ግን አጥንቱን በራጅ ጥቅጥቅ አድርጎ ቢያሳየውም ተሰባሪ ያደርገዋል። የራጁ ንጣት ጥንካሬ መስሎ ሐኪሙን እንዳያታልለው፣ ከልኬቱ በፊት ሕመምተኛው በልጅነቱ የየትኛውን ጉድጓድ ውኃ ይጠጣ እንደነበር መጠየቅ፣ የተጠቀሱት አኃዞችም ከሌላ አገር አጥንት የተገኙ መሆናቸውን ለእርሱ ማስረዳት ተገቢ ነው።