ዓለም የኮምፒውተር ሥራ ናት የሚለው መላምት

የምንኖርበት ዓለም በረቀቀ ኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ ሲሙሌሽን (አስመስሎ የተሠራ ዓለም) ሊሆን ይችላል የሚል የፍልስፍና መላምት አለ። ስዊድናዊው ፈላስፋ ኒክ ቦስትሮም በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ እውነት መሆን አለበት አለ፦ ሥልጣኔዎች እንዲህ ያለ ሲሙሌሽን የመሥራት አቅም ላይ ሳይደርሱ ይጠፋሉ፤ ወይም ደርሰውም አይሠሩበትም፤ ወይም እኛ ራሳችን በሲሙሌሽን ውስጥ ነን። ሰው የሚያወራው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ ቦስትሮም ግን ለይቶ አልፈረደም።

ክርክሩ «የሲሙሌሽኑን ሠሪስ ማን ሠራው?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። በ1667 እ.ኤ.አ. እንደተጻፈ የሚነገረው የኢትዮጵያዊው ፈላስፋ የዘርዐ ያዕቆብ «ሐተታ» ተመሳሳይ ሰንሰለት ይከተላል፦ ከልጅ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ አያት፣ እያለ ማንም ያልፈጠረው ፈጣሪ ዘንድ ይደርሳል። (ሐተታው ራሱ የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ እዚህም ሠሪው ያከራክራል።)

አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ዴቪድ ቻልመርስ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ፣ በሲሙሌሽን ውስጥ ብንሆን እንኳ በዙሪያችን ያለው ሁሉ እውነተኛ ነው ይላል። በዚህ አካሄድ በሽንዲ ከተማ ገበያ ላይ ሸማቹን የሚያስነጥሰው በርበሬ ከምንም ይሠራ ያው በርበሬ ነው፤ ለመላምቱ ከቀረቡት መልሶች አሳማኙም ይኸው ይመስላል። መላምቱን የሚያረጋግጥም ሆነ የሚያፈርስ ሙከራ እስካሁን አልተገኘም።