ድራማው ሳይጀምር፦ የቴሌቪዥን መለያ ሙዚቃ ታሪክ

የቴሌቪዥን መለያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ሥራው ሰው መጥራት ነበር። በ1950ዎቹ አሜሪካ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቴሌቪዥን ያለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነበረው። ድራማ የሚተላለፈው በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት ነው፤ ያመለጠው ተመልካች የሚቀጥለውን ሳምንት ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ስለዚህ ወጥ ቤት ያለውን ሰው ሥራውን የሚያስጥል፣ ደጅ የሚጫወተውን ልጅ ሳሎን ድረስ የሚያስሮጥ፣ በጥቂት ሰከንዶችም ከሌላው ፕሮግራም ሁሉ ተለይቶ የሚታወቅ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ከሙዚቃው ጋር የሚሄደው የመክፈቻ ምስልም ሥራ ነበረው። የድራማው ርዕስ፣ የተዋንያኑና የአዘጋጆቹ ስም በውላቸው መሠረት በተራ መታየት ነበረበት፤ ስሞቹ እስኪያልፉ ድረስ ደግሞ ዓይን የሚያርፍበት ነገር መኖር ነበረበት። ዛሬ በትዝታ የሚነሱት ዜማዎች አብዛኞቹ መልካቸውን ያገኙት ከእንዲህ ዓይነቱ ግዴታ፣ ከስፖንሰር ፍላጎትና ከገንዘብ ቁጠባ ነው።

ልማዱ ከሬዲዮ የተወረሰ ነው። በዲትሮይት ከተማ የነበረ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ በ1933 «ዘ ሎን ሬንጀር» የተሰኘውን የባለጭምብሉን ፈረሰኛ ድራማ ሲጀምር አዲስ ሙዚቃ አላስደረሰም። ጣሊያናዊው ሮሲኒ በ1829 መድረክ ላይ ለወጣው «ዊሊያም ቴል» ኦፔራው ከጻፈው መቅድም የመጨረሻውን ክፍል፣ በጥሩንባ ተጀምሮ እንደ ፈረስ ግልቢያ የሚፈጥነውን፣ ወሰደ። ሮሲኒ ከሞተ ብዙ ዘመን ስላለፈ ክፍያ የሚጠይቅ ባለመብት አልነበረም። ድራማው በ1949 ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር ዜማውም አብሮ ተሻገረ። በዚያ ዘመን ያደጉ አሜሪካውያን ኦፔራ ቤት ገብተው ይህን መቅድም ሲሰሙ ነጭ ፈረስ የሚታያቸው ለዚህ ነው። አልፍሬድ ሂችኮክም በ1955 ለጀመረው ሳምንታዊ ፕሮግራም ከሞተ ስድሳ ዓመት ያለፈውን ፈረንሳዊ፣ ጉኖን መረጠ፤ ዜማው ለአንድ አሻንጉሊት ቀብር የተጻፈ ቀልደኛ ማርሽ ነው። በማርሹ ላይ የሂችኮክ ወፍራም ጥላ ቀስ ብሎ ይገባና በጥቂት መስመር ከተሳለው የራሱ የጎን ገጽታ ጋር ይገጥማል። ከዚህ የረከሰ መክፈቻ ለመሥራት ያስቸግራል፤ ከዚህ የተሻለም እንዲሁ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጥሪ ጥቂት ድምፅ እንደሚበቃ ያሳየው ከሬዲዮ መጥቶ በ1951 ቴሌቪዥን ላይ የወጣው የፖሊስ ድራማ «ድራግኔት» ነው። ዋልተር ሹማን የጻፈለት መክፈቻ በአራት ከባድ ድምፆች ይጀምራል። እነዚያ አራት ድምፆች አደጋ መምጣቱን ለማብሰር በቀልድም በጨዋታም የሚጠቀሱ ሆኑ። ከዚያ ሚክሎሽ ሮዣ በ1946 «ዘ ኪለርስ» ለተባለው ፊልም ከጻፈው ሙዚቃ ጋር አንድ መሆናቸው ታወቀና ለአራት ድምፅ ጠበቃ ቆመ፤ ነገሩም በስምምነት አለቀ።

የስፖንሰር እጅ ጎልቶ የሚታየው «አይ ላቭ ሉሲ» ላይ ነው። ይህ ሲትኮም በ1951 በሲቢኤስ ሲጀመር ወጪውን የሚሸፍነው የሲጋራ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ ነበር፤ በመክፈቻውም ሉሲና ባለቤቷ በካርቱን ተስለው ከአንድ ግዙፍ የሲጋራ ፓኮ ጋር ይታዩ ነበር። ክፍሎቹ በድጋሚ እንዲታዩ ሲዘጋጁ ሲጋራው መውጣት ነበረበትና በሳቲን ጨርቅ ላይ ያረፈ የልብ ቅርጽ ተተካለት። ዛሬ «አይ ላቭ ሉሲ» ሲባል ለሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ይህ ልብ ነው፤ በትክክል ሲታይ ግን የሚናፈቀው ማስታወቂያውን ለመሸፈን የገባው ምትክ ነው።

ለቴሌቪዥን ሙዚቃ ክብር ያመጣው ሄንሪ ማንቺኒ ነው። በ1958 ለጀመረው የመርማሪ ድራማ «ፒተር ገን» ኦርኬስትራውን ትቶ ጃዝ ጻፈ፤ ጊታሩና ፒያኖው ከታች አንዲት ሐረግ ሳያቋርጡ ይደጋግማሉ፣ ጥሩንባዎቹ ከላይ ይጮኻሉ። ፒያኖውን የመታው ወጣት ጆን ዊሊያምስ ነበር፤ ኋላ የ«ስታር ዋርስ»ን ሙዚቃ የጻፈው ማለት ነው። የድራማው ሙዚቃ አልበም በ1959 በተካሄደው የመጀመሪያው የግራሚ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ አልበም ተባለ። «ዘ ትዋይላይት ዞን» ደግሞ የተቃራኒው መንገድ ምስክር ነው። የመጀመሪያውን ዓመት መክፈቻ ስመ ጥሩው በርናርድ ኸርማን ጽፎት ነበር። ዓለም የሚያውቀው በጊታር የሚርገበገበው ዜማ ግን ከሁለተኛው ዓመት የመጣ ሲሆን፣ ትውልደ ሩማንያዊው ማሪየስ ኮንስታንት ለሲቢኤስ የሙዚቃ ክምችት ከጻፋቸው ቁርጥራጮች ሁለቱ ተቀጥለው የተሠራ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግጥም ያለው መክፈቻ ነገሠ፤ ይህም የራሱ ምክንያት ነበረው። ድራማውን ከመሃል የጀመረ ተመልካች ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ እዚያ ቦታ ምን እንዳመጣቸው ማወቅ አለበት። በ1962 የተጀመረው «ዘ ቤቨርሊ ሂልቢሊስ» ሙሉውን ታሪክ፣ ደሃው አዳኝ ነዳጅ አግኝቶ ወደ ካሊፎርኒያ የሄደበትን፣ በአንድ ደቂቃ ዘፈን ይተርካል። ግጥሙን የጻፈው የድራማው ፈጣሪ ፖል ሄኒንግ ነው። ፍላትና ስክራግስ የተባሉት ሙዚቀኞች በባንጆ የተጫወቱት ዘፈን በ1963 የካንትሪ ሙዚቃ ሰንጠረዥን አንደኛ ሆኖ መራ። በ1964 የመጣው «ጊሊጋንስ አይላንድ» ፈጣሪ ሸርዉድ ሽዋርትዝም ሰባት ሰዎች ባዶ ደሴት ላይ የቀሩበትን ምክንያት በየሳምንቱ እንዴት ታስረዳለህ ሲባል መልሱን በዘፈን አቀረበ። በመጀመሪያው ዓመት ዘፈኑ አምስቱን ጠቅሶ ሁለቱን «የቀሩት» ብሎ ያልፋቸው ነበር፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ፕሮፌሰሩና ሜሪ አን በስማቸው ገቡ።

እንግሊዝ ውስጥ በዚያው ጊዜ የተሠራው አንድ መክፈቻ ግን ከሁሉም ይለያል። ቢቢሲ «ዶክተር ሁ»ን ማስተላለፍ የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት ነበር። አውስትራሊያዊው ሮን ግሬነር ዜማውን በአጭሩ ጽፎ ለንደን ማይዳ ቬል ለሚገኘው የቢቢሲ ሬዲዮፎኒክ ወርክሾፕ ሰጠ። ሥራውን የተረከበችው ዴሊያ ደርቢሻየር ትባላለች። የኮቨንትሪ ልጅ ናት፤ ካምብሪጅ ሒሳብና ሙዚቃ ተምራለች። ከዚያ በፊት አንድ የሸክላ ኩባንያ ቀረጻ ክፍሉ ሴት እንደማይቀጥር ነግሮ መልሷት ነበር።

ሲንተሳይዘር ገና ገበያ ላይ አልዋለም። የወፍራሙ ድምፅ መነሻ አንዲት የተወጠረች ክር ናት፤ ክሯ ስትመታ የሰጠችው ድምፅ ተቀረጸ፣ ቴፑ እየፈጠነና እየዘገየ የሚፈለገው ቅጥነትና ውፍረት ወጣለት። ዋናው ዜማ የመጣው የስቱዲዮ ዕቃ ለመፈተሽ ከሚያገለግሉ ኦሲሌተሮች ነው፤ የነፋስ የሚመስለው ሹክሹክታ ደግሞ ተጣርቶ የተወሰደ ጫጫታ ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ቴፕ ላይ ይቀረጻል፣ ርዝመቱ በማስመሪያ ይለካል፣ በምላጭ ይቆረጣል፣ ከሚቀጥለው ጋር ይጣበቃል። ወፍራሙ፣ ዜማውና ሹክሹክታው በየራሳቸው ቴፕ ካለቁ በኋላ ማሽኖቹን እኩል አስነስቶ ማዋሐድ ቀረ። ደርቢሻየርና ረዳቷ ዲክ ሚልስ ሲያዳምጡ አንድ ቦታ ድምፅ ይዛነፋል፤ የቱ ላይ እንደሆነ ጆሮ ሊለየው አልቻለም። ቴፖቹን አውጥተው በሕንፃው ረጅም ኮሪደር ወለል ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸውና የመጋጠሚያ ምልክቶቹን እያስተያዩ ሄዱ፤ ከጓደኞቹ ያልተስተካከለው መጋጠሚያ ስህተቱ ሆኖ ተገኘ። ግሬነር ውጤቱን ሰምቶ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝን ብሎ ጠየቀ፤ አብዛኛውን አዎ አለችው። ስሟ ከስሙ ጎን እንዲገባና ክፍያውን እንድትካፈል ፈልጎ ነበር፤ የቢቢሲ ደንብ ግን የወርክሾፑን ሠራተኞች በስም አይጠቅስም ነበርና ሳይሆን ቀረ። ደርቢሻየር በ2001 አረፈች። ስሟ በድራማው ላይ የተጻፈው በ2013፣ ለ50ኛው ዓመት በተዘጋጀው ክፍል ነው። ምስሉም የሙዚቃው ወንድም ነው፦ በርናርድ ሎጅ የቴሌቪዥን ካሜራን የራሱን ምስል ወደሚያሳየው ስክሪን በማዞር፣ ምስሉ ራሱን እየዋጠ የሚፈጥረውን ደመና መሰል ብርሃን ቀርጾ ተጠቀመበት።

በምስል በኩል አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳይ ድፍረት የታየው በ1966 በተጀመረው «ሚሽን ኢምፖሲብል» ነው። ክብሪት ይጫራል፣ ፊውዝ ይቀጣጠላል፤ እሳቱ ሲሮጥ የዚያን ሳምንት ክፍል ቅንጭብጭብ ትዕይንቶች ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ክብሪቱን የሚጭረው እጅ የአዘጋጁ የብሩስ ጌለር ነው። የቦነስ አይረሱ ልጅ ላሎ ሺፍሪን ለዚህ የጻፈው ዜማ በአምስት ምት የሚሄድ ነው፤ ለአራት ምት የለመደ ጆሮ አንድ እርምጃ እንዳለፈው ይሰማዋልና ልብ ይሰቀላል።

በዚያው ዓመት የተጀመረው «ስታር ትሬክ» የሚያስተዛዝብ የገንዘብ ታሪክ ትቷል። መለያ ሙዚቃ በተላለፈ ቁጥር ለደራሲው ሮያሊቲ ይከፈላል፤ ግጥም ካለው ክፍያው ለሁለት ይካፈላል። የድራማው ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ አሌክሳንደር ከሬጅ ለጻፈው ዜማ ግጥም ጻፈለት፤ ግጥሙ በድራማው አንድም ጊዜ አልተዘፈነም፣ ግማሹ ክፍያ ግን ለሮደንቤሪ ሄደ። የ«ማሽ» ታሪክ ከዚህ ይሻላል። በ1970 ለወጣው ፊልም የመዝሙሩን ግጥም የጻፈው የዳይሬክተሩ የሮበርት አልትማን ታዳጊ ልጅ ማይክ ነው። በ1972 የተጀመረው የቴሌቪዥን ድራማ ዜማውን ያለ ግጥም ቢጠቀምም ልጁ ድርሻውን ማግኘቱን ቀጠለ፤ አባቱ ራሱ እንደተናገረው እርሱ ፊልሙን ለመሥራት 70 ሺህ ዶላር ያህል ሲከፈለው ልጁ ከዘፈኑ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አገኘ።

1970ዎቹና 1980ዎቹ የመለያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የሚባሉት ያለ ነገር አይደለም፤ አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝም መክፈቻ የተለመደ ነበር። ሜሪ ታይለር ሙር በሚኒያፖሊስ ጎዳና ቆባዋን ወደ ሰማይ የወረወረችበት የ1970 መክፈቻ በ2002 ሐውልት ቆመለት። ትውልደ ቼካዊው ያን ሃመር ለ«ማያሚ ቫይስ» የጻፈው ሙዚቃ በኖቬምበር 1985 የቢልቦርድ ሰንጠረዥን አንደኛ ሆኖ መራ፤ አንድም የዘፈን ቃል የሌለው የቴሌቪዥን ሙዚቃ ከዚህ በላይ የሚደርስበት ስፍራ የለም።

ናፍቆቱ ራሱ ሸቀጥ የሆነውም በ1985 ነው። በዚያ ዓመት ኒክ አት ናይት የተባለው የኬብል ፕሮግራም የቆዩ ድራማዎችን በየምሽቱ ማሳየት ጀመረ፤ ቲቪቲ የሚባል አዲስ የሸክላ ኩባንያም 65 የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ መለያ ሙዚቃዎችን ሰብስቦ የመጀመሪያ አልበሙ አደረጋቸው። ገዢዎቹ እነዚያን ድራማዎች በልጅነታቸው ወለል ላይ ተቀምጠው ያዩ፣ አሁን ደመወዝተኛ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ትዝታው ግን የመብት ባለቤት ነበረውና ሁልጊዜ በሙሉ አልተገኘም፤ «ማሪድ ዊዝ ችልድረን» በዲቪዲ ሲወጣ ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ባሉት ክፍሎች የመክፈቻው የፍራንክ ሲናትራ ዘፈን በሌላ ሙዚቃ ተተክቷል።

መለያ ሙዚቃውን ያሳጠረው ያው የወለደው ሒሳብ ነው። በ1960ዎቹ የአንድ ሰዓት ድራማ 50 ደቂቃ ያህል ይረዝም ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ማስታወቂያው እየሰፋ ድራማው ወደ 44 ደቂቃ ወረደ፣ ከዚያ ላይ አንድ ደቂቃ ለዘፈን መስጠት ውድ ሆነ። ሪሞት ኮንትሮል የያዘ ተመልካች ደግሞ ዘፈኑ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ጣቢያዎቹ የሚፈሩት ያንን ደቂቃ ነበር። በ1994 ኤንቢሲ የመዝጊያ ስሞችን ወደ ስክሪኑ ጥግ አጥቦ አንዱን ፕሮግራም ከሌላው ጋር ያለ ክፍተት ማገናኘት ጀመረ። ከአንድ ዓመት በፊት የተጀመረው «ፍሬዠር» መክፈቻውን በጥቂት ሰከንድ የከተማ ሥዕል ጨርሶ ዘፈኑን ወደ መጨረሻ ገፍቶት ነበር። የ«ፍሬንድስ» ዘፈን በዚህ መሀል የበቀለ ነው፤ አንድ የናሽቪል ሬዲዮ አጭሩን ቅጂ እየደጋገመ ሲያሰማ ጥያቄ ስለበዛ ተጫዋቾቹ ዘ ሬምብራንትስ ሙሉ ዘፈን አድርገው እንደገና ቀረጹት። በ2004 «ሎስት» ሲጀመር የቀረው በጥቁር ላይ የሚንሳፈፍ ርዕስና አንድ የሚያስፈራ ድምፅ ብቻ ነበር።

ረጅሙን መክፈቻ ያዳነው ማስታወቂያ የማያስተላልፈው ኤችቢኦ ነው፤ የሚሸጠው ደቂቃ ስለሌለ የሚቆጥበውም አልነበረውም። የ«ዘ ሶፕራኖስ» ጀግና በ1999 ሲጋሩን ለኩሶ ከኒውዮርክ ኒውጀርሲ እስኪደርስ ረጅም ዘፈን ይሰማል። በ2011 የመጣው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በራሚን ጃዋዲ ሙዚቃ ታጅቦ በጥርስ መዘውሮች የሚገነባ ካርታ አሳየ፤ ታሪኩ በየክፍሉ የሚሄድባቸው ከተሞች ሲለዋወጡ ካርታውም አብሮ ይለወጥ ነበር። ያ መክፈቻ በዚያው ዓመት የኤሚ ሽልማት አገኘ።

ኔትፍሊክስ መክፈቻ የሚያዘልል ቁልፍ ያወጣው በ2017 ነው። በ2022 ኩባንያው እንዳስታወቀው ቁልፉ በቀን 136 ሚሊዮን ጊዜ ይጫን ነበር። ሐሳቡን ያመነጨው የኩባንያው ሠራተኛም ለቁልፉ ያነሳሳው «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ሲያይ የገጠመው ችግር እንደሆነ ተናግሯል፤ መክፈቻውን ካያቸው ሁሉ ውብ ከሆኑት አንዱ ነው ብሎ ያምናል፣ ግን እርሱን አልፎ ድራማው የሚጀምርበትን ቦታ በእጅ መፈለግ አሰልችቶት ነበር።