አሎሎ ወርዋሪው ባንከር እና የእናቶቻችን ክታብ

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ አሜሪካኖች የእኛን ክታብ ምን ያደርጉላቸዋል?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መልሱ ረዘም ስላለ እዚሁ ልጻፈው። ቡና እስኪፈላ ታነቡታላችሁ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነውን ለእናንተ አልነግርም፣ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወር ከምናምን ቆይቶ መጋቢት 29 ቀን የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ አቴንስ ላይ ተከፈተ። በዚያው ቀን ዲስከስ ውርወራን ያሸነፈው ሮበርት ጋሬት የሚባል የ20 ዓመት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ልጁ ከዚያ በፊት ትክክለኛ ዲስከስ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አገሩ ሳለ የጥንቱን ዓይነት ለማስመሰል አንጥረኛ አሠርቶ 13 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት ሲመጣለት "ይሄማ አይወረወርም" ብሎ ትቶት ነበር። አቴንስ ሲደርስ እውነተኛው 2 ኪሎ ብቻ ሆኖ አገኘው! ግሪኮቹን በገዛ ጨዋታቸው አሸነፈ። በማግስቱ አሎሎ ውርወራውንም ደገመ። አብረውት የሄዱትን የክፍል ጓደኞቹን ወጪም የቻለው እሱ ነው። (ይቺን ክፍል ውስጥ ሳወራ ከኋላ የሚተኛው ሁሉ ይነቃል።)

ገንዘቡ ከየት መጣ? አያቱ የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ቤተሰቡ ባልቲሞር ላይ በስሙ የሚጠራ ባንክ ነበረው፤ ዛሬ ኢንቨስትመንት ባንክ የምንለው ዓይነት፣ ለኩባንያና ለመንግሥት ካፒታል የሚያፈላልግ። ጋሬት ትምህርቱን ሲጨርስ እዚያው ገብቶ ሠራ፣ ባንከር ሆኖ ኖረ። ይሄን ቶሎ ልለፈው፤ የባንክ ሥራ ታሪኩ ብዙም አይጣፍጥም።

የሚጣፍጠው ገንዘቡን ያወጣበት ነው። አባቱ መጻሕፍት ሰብሳቢ ነበሩ። ልጁ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በጀልባ አደጋ ሞቱ። ከአባቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የዓለምን የአጻጻፍ ዓይነቶች በሥዕል የሚያሳይ ትልቅ መጽሐፍ ነበር፤ የእያንዳንዱን ፊደል እውነተኛ ናሙና መሰብሰብ የጀመረው ከዚያ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1899 እና 1900 ወደ ሶርያ ከሄደው የአሜሪካ የአርኪዮሎጂ ጉዞ ጋር ራሱ ሄዶ የቦታ ካርታ ሠርቷል። በዚያ ጉዞ ላይ ኤኖ ሊትማን የሚባል ጀርመናዊ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ አብሮት ነበር። ትውውቃቸው ነው እኛ ዘንድ ያመጣቸው።

በ1898 ዓ.ም. ሊትማን በፕሪንስተን ስም ወደ ኤርትራ ምድር መጣ። የጋሬት ገንዘብ ያለበት ጉዞ ነው። ከትግረ ተናጋሪዎች ዘንድ ተረትና ዘፈን ሰበሰበ፤ ነፋዕ ወድ ዕትማን የሚባል የአገሩ ተወላጅ ባይኖር ኖሮ ግን ምንም አይሳካለትም ነበር። ነፋዕ ሥራውን ለመጨረስ ጀርመን ድረስ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ወደ አገሩ ሲመለስ ከመርከብ ላይ ጠፋ። ስሙን የሚያነሳው ስንት ሰው ነው? ሊትማን ደግሞ በዚያው በ1898 ዓ.ም. ከጀርመን ንጉሥ ትእዛዝ ደርሶት ወደ አክሱም ተሻገረ፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

እንግዲህ ሊትማን ለጋሬት ከሰበሰበለት ውስጥ ክታቦች አሉበት። ጋሬት እ.ኤ.አ. በ1942 ከ10,000 በላይ የሆኑ የእጅ ጽሑፎቹን በሙሉ ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ ግሪክኛው፣ ዓረብኛው፣ የእኛው ግዕዝ ጭምር። ዛሬ ብዙዎቹ ፎቷቸው ተነስቶ ኢንተርኔት ላይ ተለቋል። ፍኖተ ሰላም ላይ ኔትወርክ ሲኖር እኔም በስልኬ አያቸዋለሁ።

ጎጃም ውስጥ ክታብ ምን እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። የተሰፋ ብራና፣ ቁመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚለካ፣ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር አንገት ላይ የሚንጠለጠል። ውስጡ ዓይናቸው የጎላ መላእክት፣ የዓይነ ጥላና የቡዳ ጸሎት፣ ለወላድ ደግሞ ወርዝልያን የገደለው የሱስንዮስ ታሪክ። እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ስመጣ በዚህ የማፍር ሰው ነበርኩ። አያቴ ስታርፍ አንገቷ ላይ የነበረውን ክታብ "ኋላ ቀርነት ነው" ብዬ እንዲቃጠል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ማንም አልተቃወመኝም፤ የተማርኩት እኔ ነበርኩና።

በኋላ ነው የገባኝ። ክታብ ላይ ጸሎቱ ሲያልቅ "ለአመትከ" ይልና የክርስትና ስም ይጻፋል። ብዙ ጊዜ የሴት ስም ነው። ዜና መዋዕሎቻችን የንጉሥና የራስ ስም ይቆጥራሉ። ጭንቅ ይዟት፣ ልጅ ሞቶባት፣ ራስ ምታት አላስተኛ ብሏት ደብተራ ዘንድ የሄደች የገበሬ ሚስት ስሟ የተጻፈበት ሌላ ወረቀት የት ይገኛል? ባንከሩ ይህን አስቦ አልሰበሰበም፤ የፊደል ናሙና ነበር የፈለገው። ግን እሱ ዘንድ የደረሰው ቆየ፣ እኔ እጅ የደረሰው አመድ ሆነ።

ጋሬትን ጻድቅ ላደርገው አይደለም። የግሪክ ኦርቶዶክሶች እ.ኤ.አ. በ2018 ፕሪንስተንን ከሰዋል፤ ከጋሬት ስጦታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1917 ከተዘረፈ ገዳማችን የወጡ አሉበት ብለው። ጋሬት ከነጋዴ ገዛ እንጂ አልዘረፈም ይባል ይሆናል፤ ነጋዴው ግን ከየት አመጣው? የቸገረው ሰው የሸጠውንም "በፈቃዱ ሸጠ" ስንል ግማሽ እውነት ነው።

ወደ ጠያቂው ልጅ ልመለስ። የጠየቀኝ ለካ የእናቱ አያት ክታብ ቤታቸው ስላለና ቡሬ ላይ አንድ ሰው ዋጋ ስለጠራለት ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደሚከለክል ነገርኩት፤ ግን አዋጅ ብቻ የተቸገረን ሰው ሆድ አይሞላም። "መጀመሪያ እናትህን ጠይቅ፣ ከዚያ አምጣውና ፎቶ እናንሳው" አልኩት። እሁድ ይዞት መጣ። ጎረቤታችን መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልን። ስሙ ጋ ሲደርሱ ዝም አሉ፤ ብራናው ተፍቆ ነበር። የቅድመ አያቱ ስም የተጻፈው በሌላ ሴት ስም ላይ ነው። ወደ ፀሐይ አዙረን አየነው። "ወለተ" የሚለው ይታያል፣ ቀሪው አይነበብም።