ባዶ የተባለው ረግረግ

ጋምቤላ፣ ጎግ ወረዳ። በፉኝዶ በኩል የሚያልፈው የጊሎ ወንዝ ክረምት ላይ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ከደጋ ያመጣውን ደለል ያራግፋል፤ ዓሣው ሣር ውስጥ ገብቶ ይራባል። ውሃው ሲሸሽ አኝዋዎች እርጥቡ ዳርቻ ላይ በቆሎ ይዘራሉ። ማዳበሪያው ጎርፉ ነው!

እንዲህ ያለውን መሬት ነው “ባዶ” ያልነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የህንዱ ካሩቱሪ በዚሁ ክልል፣ ባሮ ዳርቻ፣ 100,000 ሄክታር ተከራየ። ውሃውን በአፈር ግድብ ሊመልስ ሞከረ። በ2011 ባሮ ግድቡን ጥሶ በቆሎውን አጠፋው። ወንዙ በየዓመቱ የት እንደሚተኛ የአገሬውን ሽማግሌ መጠየቅ ስንት ያስወጣ ነበር? ውሉ በ2015 መጨረሻ ተሰረዘ።