ሜዳው ዱላውን ይመርጣል፦ ከገና ዱላ እስከ ፓድል ራኬት



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ ከቤተ መዛግብት ያገኘሁት ሰነድ ሳይሆን ከዱባይ በስልክ የደረሰኝ ጥያቄ ነው። የእህቴ ልጅ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ወጣቶች ወደ ዐረብ አገር ከተሻገረ ዓመታት ተቆጥረዋል። እዚያም በአንድ የፓድል መጫወቻ ስፍራ ሜዳ እየጠረገና ኳስ እየሰበሰበ ሲሠራ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ጨዋታውን ለመደ፤ እያደርም ተካነበት። አሁን ባጠራቀማት ገንዘብ የራሱን ራኬት ሊገዛ ነው። «ጋሼ፣ እኔ አጥቂ ነኝ። ለኃይለኛ ምት የተሠራውን ልግዛ ወይስ ልቆይ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ ፓድል ተጫውቼ አላውቅም። ሆኖም ጥያቄው እንግዳ አልሆነብኝም። ለብርቱ መቺ ምን ዓይነት ዱላ ይስማማዋል የሚለው ጉዳይ በአገራችን ከራኬት በፊት ሲመከርበት የኖረ ነው። የዛሬው ንግግሬም ይህን ጥያቄ በታሪክ ዓይን ለመመርመር የሚደረግ ሙከራ ነው።

አስቀድሜ ስለ ፓድል ጥቂት ልበል። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው ኤንሪኬ ኮርኩዌራ የተባለ ሜክሲኳዊ ነው። አካፑልኮ በሚገኘው መኖሪያው ያሠራው ትንሽ ሜዳ በግንብ የታጠረ ስለ ነበር ግንቡ ራሱ የጨዋታው አካል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1974 አልፎንሶ ደ ሆሄንሎሄ ጨዋታውን ወደ ስፔን፣ ወደ ማርቤላ ወሰደው፤ ብዙም ሳይቆይ በአርጀንቲና ተስፋፋ። ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1991 ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ሻምፒዮና በዱባይ ሲካሄድ በወንዶች አርጀንቲና፣ በሴቶች ስፔን አሸንፈዋል። ሜዳው 20 ሜትር በ10 ሜትር ሲሆን ሁለት ለሁለት ይጫወቱበታል። በስተኋላ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመስታወት፣ በላዩም 1 ሜትር የሽቦ መረብ አለ። ይህን ግድግዳ በልቡናችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በልጅነቴ ከከሚሴ በስተደቡብ ምዕራብ ወዳለው ደጋ፣ ወደ መንዝ፣ የእናቴን ወገኖች ለመጠየቅ እንሄድ ነበር። ታኅሣሥ ሲጋመስ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ገለባ ብቻ ይቀራል፤ የገና ጨዋታም ሜዳውን ያገኛል። እረኞች የክርስቶስን መወለድ በሰሙ ጊዜ በደስታ በያዙት በትር ተጫወቱ የሚለውን ትውፊት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋሉ፤ በጨዋታው መካከል በደረሰበት ምት ጌታው መቆጣት አይገባውም። ሁለት ወገን ተሰልፎ ሩሯን ከባላጋራው ድንበር ለማሳለፍ ይታገላል።

ቋንቋው ራሱ መዝገብ ነው። በአማርኛ «ገና» በዓሉም፣ ጨዋታውም፣ ጫፉ የተቆለመመው ዱላም ነው። ኳሷ ሩር ወይም ጥንግ ስትባል፣ እሷን የመምታት ግብር «መለጋት» የተባለ የራሱ ግስ አለው። በአፋን ኦሮሞም የዚሁ ዓይነት የዱላና የኳስ ጨዋታ «ቂሌ» ይባላል። ሁለቱም ቋንቋዎች በሚነገሩበት በዚህ ዞን የዱላን ታሪክ ሲጠይቁ በአንዱ ጆሮ ብቻ ማዳመጥ አይበቃም።

የእናቴ ወንድም ሁለት ገናዎች ነበሩት። አንደኛው ጫፉ ወፍራም፣ እጀታው ቀጭን ነበር፤ ሜዳው ሲገለጥ ሩሯን አርቆ ለመለጋት የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛው ከላይ እስከ ታች የተመጣጠነና ቀለል ያለ ሲሆን በግፊያ መካከል ሩሯን ለመጥለፍ ይጠቅማል። ከባዱን ለጀማሪ አይሰጥም ነበር። «መጀመሪያ አግኛት፤ ከዚያ ታርቃታለህ» ይል ነበር።

የእንጨት ምርጫውም እውቀት የሚጠይቅ ነበር። በአፋን ኦሮሞ ኤጀርሳ የሚባለው ወይራ ከባድና ጽኑ ነው፤ ለኃይለኛ ምት ይመረጣል፤ ክንድን ግን ያደክማል። ክትክታ በደረቅ ተዳፋት የሚበቅል ቀጭን ግን ጠንካራ እንጨት ነው። ዋንዛ ለመቅረጽ ቢመችም ቀላል ስለሆነ ምቱ አይከብድም። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ቆልማማው በተፈጥሮ የበቀለበት ቅርንጫፍ ነበር፤ የእንጨቱ ጭረት መታጠፊያውን ተከትሎ ይሄዳልና። ቀጥ ካለ ግንድ ተጠርቦ የወጣ ቆልማማ ግን ጭረቱ ስለሚቆረጥ ከመታጠፊያው ላይ ይሰበራል። ተቆርጦ በእሳት ይለበለባል፣ ቅቤ ይቀባል፣ እንዳይሰነጠቅም በዝግታ ይደርቃል። በመጨረሻም በአንድ ጣት ላይ ይጋደማል፤ ወደ ጫፉ ካዘነበለ የመቺ ዱላ ነው።

ይህችን የጣት ሚዛን ዛሬ የፓድል ራኬት ሻጮች በሴንቲሜትር ይለኩታል። ራኬቱ ጅማት የለውም፤ ውስጡ ፎም፣ ፊቱ ካርቦን ወይም ፋይበርግላስ ሆኖ በቀዳዳዎች የተበሳ ነው። በሕጉ ርዝመቱ ከ45.5 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱም ከ38 ሚሊሜትር አይበልጥም። በገበያ ላይ ሦስት ዋና ቅርጾች አሉት። ክቡ ሚዛኑ ወደ እጅ ይቀርባል፤ በመሃሉ ሰፊ የምት ስፍራ ስላለው ለቁጥጥር ይመቻል። የአልማዝ ቅርጽ ያለው ክብደቱ ወደ ጫፉ ይሰበሰባል፤ ሲወነጨፍ ኃይሉ ይበረታል፤ ነገር ግን ምቹው ስፍራ ወደ ላይ የወጣና የጠበበ ነው። የእንባ ጠብታ የሚመስለው በሁለቱ መካከል ይቆማል። ለአጥቂ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ አልማዝ ቅርጽ፣ ደረቅ ካርቦንና ጠንካራ ፎም ያለው ነው። ጠንካራው ፎም በፍጥነት ለሚወነጭፍ ክንድ ኃይሉን ይመልሳል፤ በዝግታ ለሚመታ ግን ድንጋይ ነው፤ ንዝረቱም ወደ ክርን ይሄዳል።

እዚህ ላይ ከቴኒስ ታሪክ የምንማረው አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሃዋርድ ሄድ ፊቱ የሰፋ ራኬት ለገበያ አቀረበ። ምክንያቱ ደካማ ተጫዋች መሆኑ ነበር፤ ኳሷን ከመሃል ውጪ ሲመታት ራኬቱ በእጁ ውስጥ ይጠማዘዝበት ስለ ነበር ስሕተትን የሚታገሥ መሣሪያ ፈለገ። በአንጻሩ ታላቁ ቢዮርን ቦርግ እ.ኤ.አ. በ1991 በሞንቴ ካርሎ ወደ ውድድር ሲመለስ የቀድሞውን የእንጨት ራኬት ይዞ ቀረበ፤ በመጀመሪያው ግጥሚያም ተሸነፈ። ስለዚህ መሣሪያ ለውጥ አያመጣም የሚል መደምደሚያ ታሪኩ አይፈቅድልንም። የሚነግረን ሌላ ነው፤ መሣሪያ ሁሉ አንድ ነገር ሲሰጥ ሌላ ነገር ይወስዳል። የሄድ ራኬት ለስሕተት ይቅርታን ሰጠ፤ የአልማዝ ራኬት ያንን ይቅርታ መልሶ ወስዶ በምትኩ ኃይልን ይሰጣል። ሊገዛው የሚገባው ያ ይቅርታ የማያስፈልገው ብቻ ነው።

ግድግዳውን ያዙልኝ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። በገና ሜዳ ግድግዳ የለም። በገለባው ላይ ርቆ የተለጋ ሩር የተገኘ መሬት ነው፤ ስለዚህ ጫፈ ከባድ ዱላ በሜዳው ላይ ትርጉም አለው። በፓድል ሜዳ ግን በኃይል የተመታ ኳስ መስታወቱን ነጥሮ ተመልሶ ለባላጋራ የተመቸ ኳስ ይሆናል። ጉልበት የሚያዋጣው ኳሷ ከግድግዳው በላይ ዘልላ ከሜዳው ስትወጣ ወይም ከመረቡ ባሻገር ሊደረስባት በማይችል ማዕዘን ስትወድቅ ነው። የቀረው ጊዜ ትዕግሥት ነው፤ ከራስ በላይ የሚመጣን ኳስ ሳይጨርሱ ቆርጦ መመለስ፣ በመረቡ አጠገብ ስፍራን መጠበቅ። ዱላን የሚመርጠው ክንድ ብቻ ሳይሆን ሜዳውም ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ለእህቴ ልጅ የመለስኩለት በሦስት ጥያቄዎች ነበር። ከላይ ከሚመጡልህ አሥር ኳሶች ስንቱን በራኬቱ በአንድ ስፍራ ትመታለህ? በተሸነፍህባቸው ግጥሚያዎች ነጥቡን ያጣኸው ለመጨረስ ስትሞክር ነው ወይስ ስትከላከል? ክርንህን ያምሃል? ከዚያም ራኬቱን በአንድ ምት ሳይሆን በሦስተኛው ዙር፣ ክንዱ ከደከመ በኋላ፣ ተውሶ እንዲፈትነው ነገርኩት። ያ ክንድ ኳስ መጫወቻው ብቻ አይደለም፤ በየጠዋቱ ሜዳ የሚጠርግበት፣ ለእናቱም የሚልክበት እንጀራው ነው።

ከሳምንት በኋላ ደወለ። በአልማዙ ራኬት ከግድግዳው በላይ የወጡለት ኳሶች በዝተው ነበር፤ ሲከላከል ግን እጁ ዘገየ፤ በሦስተኛውም ቀን ክርኑ ጠዘጠዘው። «ታዲያ ገዛህ?» ብለው «ጋሼ፣ ገና ነው» አለኝ። በዚያች ቃል ሁለታችንም ሳቅን።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የእሱ ራኬት ልኩ፣ ሚዛኑና የተሠራበት ነገር ሁሉ በጽሑፍ ይገኛል። የእናቴ ወንድም ሁለት ገናዎች ግን ከሞተ በኋላ የት እንደ ደረሱ ስጠይቅ ማገዶ እንደ ሆኑ ተነገረኝ። የድሃ መሣሪያ ሙዚየም አይገባም፤ ሲያረጅ ይነዳል፤ ከእሱም ጋር እውቀቱ ይነዳል። ዛሬ ገና ከትግልና ከገበጣ ጋር በባህል ስፖርቶች ውድድር ይዘወተራል፤ የዱላው ጥበብ ግን በአብዛኛው በሽማግሌዎች እጅ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ በጨፋም በደጋውም፣ የአያቶቻችሁን ዱላ በጣታችሁ ላይ አጋድሙት። ርዝመቱን ለኩ፤ ሚዛኑ ከየት ላይ እንደሚያርፍ ጻፉ፤ እንጨቱን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ስሙን ጠይቁ፤ ለምን ይህን እንደ መረጡም አስነግሯቸው። መልሱን ይዛችሁ ስትመጡ ይህን ንግግር አብረን እናርመዋለን።